በታሸገ ሣጥን የሚሸጥ ምኞት

በ2017 ዓ.ም. በጾመ ፍልሰታ ሱባኤ፥ አንዲት የንስሓ ልጄ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ጥግ ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። ይህች ሴት በአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ብዙ ዘመን የሠራች፥ ዛሬ በጡረታ የምትኖር፥ ልጅዋ ለሥራ ወደ ዱባይ ስለ ሄደች የሰባት ዓመት የልጅ ልጅዋን የምታሳድግ ናት። መስቀል ተሳልማ፥ «አባቴ፥ ይፍቱኝ፤ ከቤቴ ሰይጣን ገብቶብኛል» አለችኝ።

ነገሩ ምንድር ነው ብዬ ብጠይቃት እንዲህ ስትል አስረዳችኝ። ልጅዋ ከዱባይ ለሕፃኗ አንድ አሻንጉሊት ልካለች፤ ስሙ ላቡቡ ይባላል፤ ጆሮው እንደ ጥንቸል የቆመ፥ ዓይኑ የፈጠጠ፥ ጥርሱ ከዳር እስከ ዳር የገጠጠ ነው። ጎረቤቶችዋ በስልክ ያዩትን ይዘው፥ ይህ የባቢሎን ጋኔን ምስል ነው፥ በቤት ያደረ እንደ ሆነ ልጅ ያሳብዳል እያሉ አስፈራርተዋታል። እኔም በዚያ ሰዓት ድካም ነበረብኝ፤ ከሌሊት ጀምሬ ቆሜአለሁ፤ የሚጠብቁኝ ሌሎች ሰዎችም ነበሩ። ነገሩን ሳላይና ሳልመረምር፥ «አቃጥዪው» ብያት አለፍሁ።

በአራተኛው ቀን ተመልሳ መጣች። ሕፃኗ ቃሌን በሰማች ጊዜ አሻንጉሊቱን ወስዳ በዱቄት በርሜል ውስጥ ቀብራው ነበር። አያቲቱ እንጀራ ልታቦካ ዱቄት ስትዝቅ በእጅዋ መጣ። እሳቱ ዘንድ ወስዳ ልትጥለው ስትል ግን ልጅቱ ነጠላዋን ይዛ፥ «የእማዬን አታቃጥይብኝ» እያለች ስለ ጮኸች እጅዋ ዛለ። «አሁን ምን ላድርግ፥ አባቴ? የርስዎን ቃል አፈረስሁ» ብላ አለቀሰች።

የራሔል ታሪክ ትዝ አለኝ። እርስዋም የአባትዋን ምስሎች ሰርቃ በግመል ኮርቻ ውስጥ ሸሽጋ ከላዩ ተቀምጣበት ነበር። ይሁን እንጂ ራሔል የሸሸገችው አባትዋ አምላኮቼ የሚላቸውን ነው፤ ይህች ሕፃን የሸሸገችው ግን ምንድር ነው? ይህን ሳልጠይቅ ነበር እሳት ያዘዝሁት። ስለዚህ፥ «ልጄ ሆይ፥ ጥፋቱ የኔ ነው፤ አምጪና ልየው» አልኋት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለዚህ አሻንጉሊት የቻልሁትን ያህል ስመረምር ሰንብቻለሁ። ያገኘሁት ነገር ሌሎችንም ካህናት የሚያጋጥም ስለ ሆነ ለአንባብያን ማቅረብ እንደሚገባኝ አሰብሁ።

አሻንጉሊቱን የፈጠረው ካሲንግ ሉንግ የሚባል፥ በሆንግ ኮንግ ተወልዶ በሆላንድ አገር ያደገ ሠዓሊ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. ከሰሜን አውሮፓ ተረቶች ሐሳብ ወስዶ ለልጆች በሥዕል መጽሐፍ ያሳተመው ፍጥረት ነው፤ በተረቱ ውስጥም ተንኮል የሚወድ፥ ልቡ ግን ደግ የሆነ የዱር ፍጡር ነው። በ2019 ዓ.ም. ፖፕ ማርት የተባለ የቻይና ኩባንያ ከሠዓሊው ጋር ተዋውሎ በብዛት ይሠራው ጀመር። በ2024 ዓ.ም. ሊሳ የምትባል የታይላንድ ዘፋኝ በቦርሳዋ ላይ አንጠልጥላው ስለ ታየች ዓለሙ ሁሉ ፈለገው። የኩባንያው የ2024 ዓ.ም. ሽያጭ ከ13 ቢሊዮን ዩዋን በላይ ሆነ። በለንደንና በሌሎች የእንግሊዝ ከተሞች ሰዎች ከሱቁ በር ላይ ስለ ተደባደቡ፥ በ2025 ዓ.ም. በግንቦት ወር ኩባንያው በዚያ አገር በሱቆቹ መሸጡን ለጊዜው አቋርጦ ነበር።

ጋኔን ነው የተባለውም ፓዙዙ የሚባለው የጥንት የመስጴጦምያ ሰዎች የነፋስ ጋኔን ነው። ስሙ በዚህ ዘመን ሊታወቅ የቻለው በ1973 ዓ.ም. በአሜሪካ በተሠራ አስፈሪ ፊልም ምክንያት ነው። አሻንጉሊቱንና ጋኔኑን ያገናኙት በስልክ ወሬ የሚያሠራጩ ሰዎች እንጂ ሠዓሊው አይደለም፤ መልካቸውም ቢሆን ከጥርሳቸው በቀር አይመሳሰልም። የሚያስገርመው፥ በዚያ በጥንት ዘመን የመስጴጦምያ ሴቶች የፓዙዙን ራስ በአንገታቸው ያንጠለጥሉት የነበረው፥ ሕፃናትን ከምትገድል ከሌላ ጋኔን ይጠብቀናል ብለው ነው። ያችን አያት ካስፈራሯት ጎረቤቶች አንዲቱ በአንገትዋ ምን እንዳንጠለጠለች አውቃለሁ፤ እርስዋም ታውቀዋለች። በአሻንጉሊት ጥርስ የምንደነግጥ ሰዎች በቆዳ ተሰፍቶ በየአንገታችን ስለሚንጠለጠለው ክታብ ዝም ማለታችን ለምንድር ነው?

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያይቱ መልእክቱ ለጣዖት ስለ ተሠዋ ሥጋ ያስተማረውን ሊቃውንት ያውቁታል። ጣዖት ከንቱ ነው፤ በገበያ የተሸጠውን ሥጋ ሳይመረምሩ መብላት ይቻላል፤ ነገር ግን የደካማውን ወንድም ሕሊና ማቍሰል አይገባም። በዚህ ሚዛን ሲታይ የአሻንጉሊቱ መልክ ሊያስጨንቀን አይገባም። ጨርቅና ላስቲክ ነው። እኔ በልጅነቴ በአገር ቤት እኅቶቼ ከአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አሻንጉሊት ይሠሩ ነበር፤ እኛ ወንዶቹም ከጭቃ በሬና ላም እንሠራ ነበር፤ የጭቃው በሬ ቀንዱ ጠማማ፥ ዓይኑም አንድ ብቻ ነበር፤ ማንም ግን ጋኔን ነው ብሎ አልሰበረብንም። ስለዚህ ሰይጣን በጥርሱ ውስጥ ካልተገኘ፥ ፈጽሞ የለም ማለት ነውን? እኔ ግን ያገኘሁት በሌላ ስፍራ ነው፤ ይኸውም በሣጥኑ ነው።

አንባቢ ይህን ይመልከት። አቃቂ ቃሊቲ የአዲስ አበባ የደቡብ በር ነው። ከጅቡቲ ወደብ የሚመጣው ጭነት በታላላቅ መኪናዎች እየተጫነ ወደ ቃሊቲ ጉምሩክ ይገባል፤ ከዚያም ወደ መርካቶና ወደ ቀረው ከተማ ይበተናል። ቀላሉ ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የአንዱ መስመር መጨረሻ ቃሊቲ ሆነ። በቱሉ ዲምቱ ያለው ሜዳ ዛሬ የኮንዶሚኒየም ሕንፃ ሆኗል። ይህ ሁሉ ሕዝብ ሥራ ወዳድ፥ ዕቃ መርማሪ ሕዝብ ነው። ጤፍ የሚገዛ ሰው እጁን በጆንያው ውስጥ አግብቶ ከሥር ዘግኖ ያያል፤ በርበሬ የሚገዛ ያሸታል፤ በከብት ገበያም በሬ የሚገዛ ገበሬ የበሬውን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ይቈጥራል። እንግዲህ ጥርስ ቈጥሮ በሬ የሚገዛ ሕዝብ፥ በታሸገ ሣጥን ያለውን ጥርሰ ገጣጣ ሳያይ የሚገዛበት ዘመን መጣ።

አሻጋጡ እንዲህ ነው። ኩባንያው በአንድ ዓይነት ስም ስድስት መልክ ያላቸውን ይሠራል፤ ሰባተኛውም ምስጢር ይባላል። ሣጥኖቹ ሁሉ በውጭ አንድ ዓይነት ናቸው። ገዢው የገዛውን የሚያውቀው ከከፈለ በኋላ ነው። ምስጢር የሚባለው በብዙዎቹ ዓይነት ከ72 ሣጥን በአንዱ ብቻ ይገኛል። አንድ አንድ እያለ በዕድል የሚገዛ ሰው፥ ስድስቱን ሁሉ ለማሟላት በአማካይ ወደ 15 ሣጥን መግዛት እንደሚያስፈልገው ሒሳብ የሚያውቅ አንድ ዲያቆን አስልቶ አሳየኝ፤ ያውም ሰባተኛው ሳይጨመር ነው። ሣጥኑ ለምን ታሸገ ቢሉ፥ ዕቃው እንዳይቈሽሽ፤ አንድም ገዢው ያላየውን እንዲመኝ፤ አንድም የተመኘውን ባላገኘ ጊዜ ተመልሶ እንዲመጣ። ነጋዴው በሦስተኛው ይተጋል።

ዕጣ ሁሉ ኃጢአት ነው ለማለት አልደፍርም። ሐዋርያት በይሁዳ ምትክ የሚቆመውን ሰው በለዩ ጊዜ ዕጣ አውጥተዋል፤ ማትያስም በዚህ ተቈጥሯል። ነገር ግን አስቀድመው ጸለዩ፤ ዕጣውም የወጣው ለአገልግሎት ነበር፤ ደግሞም አንድ ጊዜ አወጡና አቆሙ። በመስቀሉ ሥር ደግሞ ጭፍሮች በጌታ ቀሚስ ላይ ዕጣ ተጣጣሉ፤ እነርሱ አልጸለዩም፥ ወደ ላይም ቀና ብለው አላዩም። ሁለቱም ዕጣ ነው፤ ልዩነቱ ዕጣ ጣዩ በሚመለከትበት ስፍራ ነው። ሎተሪ በአገራችን ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት አስተዳደር ተቋቁሞ ይሸጣል፤ የስፖርት ውርርድ ቤቶችም በየመንደሩ ከተከፈቱ በኋላ፥ የአዲስ አበባ አስተዳደር በ2015 ዓ.ም. ብዙዎቹን ዘግቷል። በእነዚህ ላይ ካህናት ሳናስተምር ቀርተን አናውቅም። የታሸገው ሣጥን ግን በአሻንጉሊት ስም ስለሚገባ፥ ሕፃን ልጅ በሰባት ዓመቱ የሚማረው ቁማር መሆኑን አላስተዋልንም። ቻይና ራስዋ ይህን አስተውላ፥ በ2023 ዓ.ም. ባወጣችው መመሪያ ዕድሜአቸው ከ8 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት በታሸገ ሣጥን እንዳይሸጥ ከልክላለች። ዕቃው የሚሠራበት አገር ለልጆቹ የከለከለውን እኛ በልደት ቀን ስጦታ እናደርገዋለን።

ጌታ በወንጌል ስለ ዕንቊ ነጋዴ የመሰለውን ምሳሌ አስቡ። ያ ሰው ነጋዴ ነውና ፈላጊ ነበር፤ መፈለጉም አልተነቀፈበትም። አንዲት ዕንቊ አገኘ፤ አየ፤ ያለውን ሁሉ ሸጦ ገዛት። ከዚያ በኋላ ሌላ ሲፈልግ አናየውም፤ ፍለጋው ባገኘው ነገር አረፈ። የዘመኑ ሰብሳቢ ግን ያላየውን ይገዛል፤ ያገኘውም ነገር ያላገኘውን ያስታውሰዋል እንጂ አያሳርፈውም። ዕቃ የሚሰበስብ ሰው ዕቃውን ይወዳል ይባላል። እውነት ይወዳልን? በ2025 ዓ.ም. በሰኔ ወር በቤጂንግ በተደረገ ጨረታ የሰው ቁመት ያህል የሆነ ላቡቡ በ1 ሚሊዮን 80 ሺህ ዩዋን፥ ይኸውም ወደ 150 ሺህ በሚሆን የአሜሪካ ዶላር ተሸጠ። በዚያው ወር ኩባንያው ትንንሾቹን በብዛት ባቀረበ ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ይሸጡበት የነበረው ዋጋ ወደቀ። አሻንጉሊቱ አልተለወጠም፤ ጆሮውም ጥርሱም ያው ነው። የወደቀው በሌሎች ሰዎች ዓይን የነበረው ምኞት ብቻ ነው። እንግዲህ ሰብሳቢው ገንዘቡን ያስቀመጠው በዕቃው ሳይሆን በጎረቤቱ ምኞት ውስጥ ነበር ማለት ነው። አሥረኛው ትእዛዝ የጎረቤትህን ንብረት አትመኝ ይላል፤ ይህ ንግድ ግን ጎረቤትህ የሚመኝብህን ንብረት ፈልግ የሚል ነው።

ከዚህ በፊትም እንዲሁ ሆኖ ያውቃል። በ1990ዎቹ የፈረንጆች ዘመን በአሜሪካ ቢኒ ቤቢ የሚባሉ በጥራጥሬ መሰል ላስቲክ የተሞሉ ትንንሽ የጨርቅ እንስሳት ነበሩ፤ ኩባንያው አንዳንዱን መሥራት አቆምሁ እያለ ስለሚያስታውቅ ሰዎች ወደ ፊት ያበለጽገናል ብለው በብዛት ይሰበስቧቸው ነበር። በምድረ በዳ መካከል በተዘረጋችው፥ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባትና ቁማር ባስጠራት በላስ ቬጋስ ከተማ፥ በ1999 ዓ.ም. የተፋቱ ባልና ሚስት በእነዚህ እንስሳት መካፈል አልስማማ ስላሉ፥ ዳኛው በፍርድ ቤቱ ወለል ላይ አስዘርግተው አንድ በአንድ እየመረጡ እንዲካፈሉ አዘዙ። ሁለት ጐልማሶች በሕግ ፊት በጒልበታቸው ተንበርክከው ድብና ጥንቸል ሲመርጡ የተነሣውን ፎቶግራፍ አይቻለሁ። በቅዱስ ቍርባን የተጋቡ ባልና ሚስት ሲፋቱ በአገራችንም አይቻለሁና ልስቅባቸው አልቻልሁም። እንስሳቱም ብዙ ሳይቈዩ ዋጋቸው ወደቀ።

ይህን ስጽፍ ግን ብዕሬ ወደ ራሴ ዞረብኝ። በተማሪ ቤት ሳለሁ ንብረቴ አንድ ደበሎና አንድ አኩፋዳ ነበር፤ ዳዊቴም የራሴ አልነበረችም። ዛሬ በቤቴ ሁለት የመጻሕፍት መደርደሪያ አለኝ። በአራት ኪሎ የታተመ መጽሐፍ ባየሁ ጊዜ ሳልገዛ አላልፍም፤ ከእነርሱም ውስጥ የተጠቀለሉበት ላስቲክ እስከ ዛሬ ያልተቀደደ አለ። ባለፈው ዓመት አንድ ደቀ መዝሙር መጽሐፍ አውሰኝ ቢለኝ ጠርዙ ይታጠፍብኛል ብዬ ሌላ ያረጀ ሰጠሁት። ቅዱስ ባስልዮስ ጐተራውን አፍርሶ ሊያሰፋ ስላሰበው ባለጸጋ ባስተማረው ትምህርት፥ በሣጥን የተከማቸው ልብስ የታረዘው ድኻ ገንዘብ እንደ ሆነ ገልጿል፤ እንግዲያስ ያልተቀደደው ላስቲክ ውስጥ ያለው መጽሐፍ የማን ገንዘብ ነው? የኔ ሣጥን በላዩ ላይ መስቀል ስላለበት ከሌላው ሣጥን የተለየ መስሎኝ ኖሯል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አያቲቱ አሻንጉሊቱን በነጠላ ጠቅልላ ባመጣችልኝ ቀን፥ ያ ሒሳብ ዐዋቂ ዲያቆን አብሮኝ ነበር። አገላብጦ አየውና ጥርሱን ቈጠረ። «አባቴ፥ ይህ እኮ የውሸቱ ነው፤ የእውነተኛው ጥርስ ዘጠኝ ነው፤ የዚህ ግን አሥር ነው» አለኝ። በዓለም ገበያ አስመስለው የሠሩትን ላፉፉ እንደሚሉት ከእርሱ ተማርሁ። እኔም ሳልወድ ሣቅሁ፤ አቃጥዪው ብዬ በግዝት መልክ የተናገርሁበት ጋኔን ለካ የጋኔኑ ቅጂ እንኳ አልነበረም። በገበያ ሚዛን ዋጋው ምንም ነው።

ሴትዮዋ ያን ጊዜ ልጅዋን በስልክ ጠራችና አገናኘችን። ወጣቲቱ ከሄደች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ዱባይ በአሸዋ ላይ የተዘረጋች፥ የምትጠጣውን ውኃ ከባሕር እያጣራች የምትኖር፥ 828 ሜትር ከፍታ ያለው ሕንፃ ያቆመች ከተማ ናት፤ የኛ ልጆች ግን የሚያውቋት አብዛኛውን ጊዜ ከወጥ ቤቷ በኩል ነው። ወጣቲቱ በምትሠራበት ቤት የአሠሪዎችዋ ልጅ ክፍል ውስጥ መደርደሪያ አለ፤ በእርሱ ላይ እነዚህ አሻንጉሊቶች ተደርድረዋል፤ እርስዋም በየሳምንቱ አንድ በአንድ እያነሣች አቧራቸውን ትጠርጋለች። «ብዙዎቹ ሣጥናቸው አልተከፈተም፥ አባቴ፤ ሲከፈት ዋጋው ይቀንሳል ይላሉ። እኔ የምጠርገው ሣጥን ነው» አለችኝ።

ለምን ገዛሽ ብዬ ጠየቅኋት። ጥቂት ዝም ብላ፥ «ልጄ ከጓደኞችዋ እንዳታንስ ብዬ ነው» አለች። ይህ የዓለም መልስ ነው፤ ልነቅፈው አፌን ስከፍት ግን ቀጠለች። «ደግሞ እነዚያን በጠረግሁ ቍጥር እርስዋን አስባለሁ። አንዱ እንኳ እርስዋ ጋር ይሁን፤ እኔ የነካሁትን ትንካ ብዬ ነው።» በዕረፍት ቀንዋ ከመንገድ ዳር የሁለት ቀን ደመወዝዋን ከፍላ ገዛችው፤ እውነተኛ መስሏት ነበር። የውሸት መሆኑን እኔ አልነገርኋትም፤ ዲያቆኑንም በዓይኔ ከለከልሁት። ይህን ያደረግሁት ትክክል ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ በገበያ የተታለለች ሴት መታለልዋን ማወቅ ይገባት ነበር የሚል ካህን ቢኖር ልከራከረው አልችልም።

በዚያች ሌሊት በቢታንያ ስለ ፈሰሰው ሽቱ አሰብሁ። ማርያም ዋጋው ብዙ የሆነ የናርዶስ ሽቱ በጌታ እግር ላይ በአፈሰሰች ጊዜ፥ ዋጋውን በ300 ዲናር የተመነው ይሁዳ ነበር። ሒሳቡ አልተሳሳተም፤ ድኾችም በእውነት ነበሩ። እኔም እንደ እርሱ ልተምን እችል ነበር፤ የሁለት ቀን ደመወዝ ለሕፃኗ ደብተርና ጫማ ይሆን ነበር፤ አያቲቱም ይህንኑ በልብዋ ሳታስብ አልቀረችም። ነገር ግን ጌታ የሴቲቱን ሥራ መልካም ብሎ ተቀበለው። ታዲያ ያ ሁሉ ገንዘብ የሚፈስበት ነገር፥ አንዱ ፍቅር፥ ሌላው ብክነት መሆኑ በምን ይታወቃል? በዋጋው አይታወቅም፤ ዕቃው ባለው መልክም አይታወቅም። የማርያም የአልባስጥሮስ ሽቱ ብልቃጥ በተሰበረ ጊዜ ዋጋው ጠፋ፤ ቤቱ ግን መዓዛውን ተመላ። የአሠሪዎቹ መደርደሪያ ግን ዋጋው የሚኖረው ሣጥኑ ሳይከፈት ሲቀር ብቻ ነው። ይህች ሕፃን የያዘችው አሻንጉሊት ተከፍቷል፤ ታቅፋው ትተኛለች፤ ዱቄት ነክቶታል፤ ሌላ ሰው ቢያገኘው አይፈልገውም። ሌላ ሰው በማይፈልገው ጊዜ እንኳ የሚያለቅስለት አለው።

በዚህ ብቻ ቢፈጸም ለኔም ደስ ባለኝ። ነገር ግን በማግሥቱ ሕፃኗን ይቅርታ ልጠይቅ ወደ ቤታቸው ሄድሁ፤ ካህን ሕፃንን ይቅርታ ሲጠይቅ አያቲቱ ደንግጣ፥ «ኧረ አይሁን፥ አባቴ» ብትልም፥ የተበደለችው እርስዋ ናትና ጠየቅኋት። ልጅቱም ጭንቅላትዋን ነቅንቃ ማረችኝ። ከዚያም አሻንጉሊቱን ታቅፋ፥ «አባባ፥ ስድስት እኮ ናቸው፤ አምስት ይቀሩኛል» አለችኝ። ይህን በሰማሁ ጊዜ ልቤ ፈራ፤ ከጋኔኑ ወሬ ይልቅ ይህ ቃል አስፈራኝ። የእናትዋ ስጦታ በሕፃኗ ልብ ውስጥ ከስድስት አንድ ሆኖ ሊቈጠር ጀምሯል። የእናት ፍቅር ሲሰጥ አንድ ነው፤ ነጋዴው ደግሞ አንዱን የስድስት ስድስተኛ ያደርገዋል፤ የጎደለውንም እንድታሟላ እናቲቱን ለሌላ የሁለት ቀን ሥራ፥ ለሌላም፥ ለሌላም ይጠራታል። በየዓረብ አገሩ ያሉ እናቶች ስንቶቹ በዚህ መንገድ እንደሚደክሙ የንስሓ አባቶች ብንጠይቅ እናውቅ ነበር፤ እኛ ግን የምንጠይቃቸው ስለ ጾምና ስለ ጸሎት ብቻ ነው።

ስለዚህ ለእናትዋ በስልክ፥ «ልጄ ሆይ፥ ከእንግዲህ እንደዚህ ያለ ነገር አትላኪ፤ አንዱ ይበቃል፤ ይልቅስ ድምፅሽን በየቀኑ ላኪላት» አልኋት። መልስ አልሰጠችኝም። ድምፅ በየቀኑ ለመላክ የአሠሪዎችዋ ፈቃድ እንደሚያስፈልጋት ያሰብሁት ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

በነሐሴ 16 ቀን፥ የእመቤታችን ዕርገት በሚከበርበት ዕለት፥ እኔ የቀዳሽነት ተራ አልነበረኝምና ከምእመናኑ ጋር በቅኔ ማሕሌቱ ቆሜ ነበር። አያቲቱና ሕፃኗ ሊቈርቡ መጡ። ከጆሮው አንዱ በዱቄት በርሜሉ ክዳን ተይዞ ተቀድዶ ነበርና፥ አያቲቱ በፋብሪካው በለመደችው ጥንቃቄ በነጭ ፈትል ሰፍታዋለች፤ ስፌቱ ከሩቅ ይታያል። ሕፃኗ አሻንጉሊቱን ይዛ ወደ ቍርባን መቅረብ እንደማይገባ ስለ ተነገራት፥ ዙሪያዋን ተመለከተችና ወደ እኔ መጥታ በሁለት እጅዋ ዘረጋችልኝ። ተቀብዬ በቀሚሴ ኪስ ውስጥ አኖርሁት፤ ኪሱ ጠባብ ስለ ነበር የተሰፋው ጆሮ ወደ ውጭ ወጥቶ ቀረ። በአጠገቤ የቆሙት ያች ክታብ ያንጠለጠለች ጎረቤት ደጋግማ ተመለከተችኝ፤ እኔም ቅዳሴው እስኪፈጸም ድረስ ጆሮውን ወደ ውስጥ አላስገባሁትም።